የልምድ ምስክር

ከጊዮርጊስ በታች፣ ወደ ጣና ሲዞር፣
የኔ ጽሕፈት ቤት ናት፣ ባለ አንድ ማተሚያ፣ ባለ አንድ ወንበር።
ልጃገረዶቹ ፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ ጠዋት፤
በፌስታሉ ፎቶ፣ የልደት ካርድ፣ ገና ያልተኖረ ሕይወት።
እኔ የጀርመኑን ቅጽ በቃሌ እወጣዋለሁ እንደ ዳዊት፦
ከሃያ ሰባት በታች፣ ፊደሉን የቆጠረች፣ ያላገባች ወጣት።

«ቤተሰቡ ዘመድ አይሁን» ይላል አንዱ መስመር፤
«እንደ ቤተሰብ ይያዟት» ይላል ዝቅ ብሎ፣ በዚያው ነገር።
የማይዛመዱሽ ዘመዶች፤ ደመወዝ ያይደለ የኪስ ገንዘብ፤
እንግዳ ናት፣ ግን ልጅ የምትጠብቅ፣ ሳህን የምታጥብ።
ስንቷን ሞልቼ፣ ስንቷን አስፈርሜ፣
ነገሩ ከንክኖኝ አያውቅም ነበር እስከዚህ ዕድሜ።

ዛሬ አትጠገብ መጣች።

የዘጌዋ። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ማገዶ ጭነት ላይ ተቀምጣ፣
ከአባቷ ታንኳ የወረደች፣ ጫማዋን በእጇ ጨብጣ።
ኪሩቤልን ልወልድ አንድ ወር ሲቀረኝ። ሰባት ዓመት ኖራ፣
አምና ነው ከቤቴ የወጣች።
«እትዬ፣ ቅጽ ሙይልኝ» አለች፤ ድምጿ ላላ።
«የልጅ ጥበቃ ልምድ ይላል። ከአንቺ በቀር ምስክር ማን አለኝ ሌላ?»

ልምድስ አላት።
ኪሩቤል ጥርስ ያወጣው ጣቷን እየነከሰ ነው።
መጀመሪያ «እማ» ያለው እሷን ነው።
(እኔ እዚህ ነበርኩ፤ መብራት መጥቶ፣ ሰው ተሰልፎ።)
ይህን ግን ቅጹ አይጠይቅም፤ ይሄዳል አልፎ።

በሳምንት ስንት ሰዓት?
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ።
የነሱ ሕግ ሠላሳ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም።
እኔ ቤት ሳምንት ሰዓት አልነበረውም፤
ጎህ ነበረው፣ «እስክንተኛ» ነበረው፤ ቆጥሬላት አላውቅም።

የራሷ ክፍል ነበራት?
ነበራት። ከዘይት ጀሪካኑና ከጤፍ ማዳበሪያው መሐል፤
ጠዋት ፍራሹ ሲጠቀለል ክፍሉም አብሮ ይጠቀለላል።

ነፃ ቀን?
አንዴ፣ ለአባቷ ተዝካር፣ ሦስት ቀን ሰጠኋት፤
ኪሩቤል ቢያለቅስብኝ፣ በሁለተኛው ደውዬ መለስኳት።
«እንደ ልጄ ናት» እል ነበር ለመጡት እንግዶች ሁሉ፤
«እንደ» የምትለዋን ሳይሰሙ «ተባረኪ» ይሉኝ ነበር፣
እሷ የሠራችውን እየበሉ።

ቀና አልኩ። በመስኮቱ፣ ከደንገሉ ዳር፣
አንድ ታንኳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ውሃው እየተንጠፈጠፈ።
ሠርቶ ሠርቶ ሲከብደው፣ ቆሞ የሚደርቅበት ቀን አለው ታንኳ፤
ስንት ዓመት ሙሉ እያየሁት
አላፈርኩም እንኳ።

«እትዬ፣ ኤምባሲው ‹ትመለሻለሽ ወይ?› ቢለኝስ?»
«ዓባይ በጣና ያልፋል፣ አይቀላቀልም በያቸው» አልኳት፣ እንደ ዘበት።
ሳቀች።
«እሱንማ ሰባት ዓመት
አንቺ ቤት ተለማምጄበት።»

ማራገቢያው ዞረ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባ ነፍቶ አለፈ።
«ሰዓቱን ስንት ልበል?» ጠየቅኳት፣ ፊቷን ሳላይ።
«ሠላሳ በይው» አለች፤ «እንዳይደነግጡ።
ደግሞ ላንቺም...» አልጨረሰችውም።

ሠላሳ አልኩ። ማኅተሜን መታሁ። ሁለት ኮፒ አወጣሁ፣
አንዱ ጥቁሩ የፈዘዘ።
«ተዪው» ብላት ሰምታ እንዳልሰማች፣
የታጠፈ አሥር ብር ከቁልፎቹ ላይ አኑራ ወጣች።

ማታ ኪሩቤል ከትምህርት ቤት መጣ፣ ቦርሳውን ወረወረ፤
ወንበሬ ላይ ወጥቶ ብሩን ዘረጋጋው፤
«እማ» አለኝ፣
«ይሄ የማነው?»